አዳራሹን ይዘናል፤ ቤተክርስቲያኑስ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእናንተ ይሁን። 29 ዓመቴ ነው፣ ካቶሊክ ነኝ። እጮኛዬ ፕሮቴስታንት ነው፣ ተጠምቋል። ከ4 ወር በኋላ ለመጋባት አዳራሽ ይዘን ቀብድ ከፍለናል። ከዚያ ወደ ቁምስናዬ፣ ማለትም ወደ ሰፈራችን ቤተክርስቲያን፣ ስደውል ጸሐፊዋ ‹መጀመሪያ መጥታችሁ ከአባ ጋር ተነጋገሩ፣ አሁን ቀን አልይዝላችሁም› አለችኝ። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ መልሷ ያው ነው። እኔ ደግሞ የምፈልገው የኛን ሳይሆን ሌላ ሰፈር ያለውን ትልቁን ቤተክርስቲያን ነው። እንዲያጋቡን የምንፈልጋቸው አባም ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ፣ አሁን በሌላ ሀገረ ስብከት የሚያገለግሉ ናቸው፤ እሳቸው እሺ ብለውናል። ካልሆነ በአዳራሹ የአትክልት ቦታ ላይም ሊሆን ይችላል። ካህን ራሳችን ይዘን ከመጣን ምን ችግር አለው? ስንትስ ይከፈላል? በነገራችን ላይ እጮኛዬ ከዚህ በፊት በማዘጋጃ ቤት ተፈራርሞ ነበር፣ ከተፋቱ 3 ዓመት አልፏል። ያኛው በቤተክርስቲያን ስላልነበረ አይቆጠርም ብዬ ነው። — ቀኑ የቀረበባት»

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ቤተክርስቲያኑ፣ ስለ ካህኑ፣ ስለ አትክልት ቦታው፣ ስለ ክፍያው ጠየቅሽኝ፤ ሁሉንም እመልስልሻለሁ። ግን በመጨረሻ «በነገራችን ላይ» ብለሽ ያለፍሽው ነገር ከሁሉም በላይ ነው። ስለዚህ ከሱ እጀምራለሁ። ቅር እንዳይልሽ፣ የማስጨነቅ ፍላጎት የለኝም። ነገርዬው ካርድ ከታተመ በኋላ ከሚመጣ አሁን ቢመጣ ስለሚሻል ነው።

ብዙ ካቶሊኮች እንዳንቺ ያስባሉ፤ «በቤተክርስቲያን ካልተጋባ ጋብቻ የለውም» ይላሉ። ይሄ አባባል ለካቶሊክ ሰው እውነት ነው። ካቶሊክ የሆነ ሰው በካህን ወይም በዲያቆን ፊት፣ በሁለት ምስክሮች ፊት የመጋባት ግዴታ አለበት፤ ያለ ፈቃድ ማዘጋጃ ቤት ብቻ ሄዶ ቢፈራረም በቤተክርስቲያን ሕግ ጋብቻው አይጸናም። ግን ይህ ግዴታ ያለበት ካቶሊኩ ብቻ ነው። ፕሮቴስታንት የሆነ ሰው ግዴታው የለበትም። ስለዚህ ሁለት ፕሮቴስታንቶች በማዘጋጃ ቤት ቢፈራረሙ ካቶሊክ ቤተክርስቲያን ጋብቻቸውን የጸና አድርጋ ነው የምታየው። ሁለቱም የተጠመቁ ከሆኑ ደግሞ እንደ ጥምቀትና ቁርባን ያለ ቅዱስ ምስጢር ነው ትላለች። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። እኔ ግን ይህ ሕግ ለሌሎች ክርስቲያኖች ጋብቻ ያለው አክብሮት ይመስለኛል፤ የነሱን ቃል ኪዳን «የኛ ስላልሆነ ከንቱ ነው» አይልም።

እንግዲህ ጥያቄው አንድ ነው። የመጀመሪያ ባለቤቱ ማን ነበረች? ስሟን ማለቴ አይደለም፣ የየት ቤተክርስቲያን ሰው ነበረች ማለቴ ነው።

እሷ ካቶሊክ ከነበረችና ያለ ቤተክርስቲያን ፈቃድ በማዘጋጃ ቤት ብቻ ከተጋቡ፣ ግዴታው በሷ በኩል ስለነበረ ጋብቻው የሚፈለገውን ሥርዓት አላሟላም። እንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ በአብዛኛው በወረቀት ያልቃል፤ የጥምቀቷ ማስረጃ፣ የማዘጋጃ ቤቱ የጋብቻ ወረቀት፣ የፍቺው ውሳኔ፣ በቤተክርስቲያን እንዳልተጋቡ የሚያሳይ ማስረጃ ይቀርባል። ኦርቶዶክስ ከነበረች ደግሞ ቤተክርስቲያን የነሱን ሕግ ታያለች። በነሱ ዘንድ ያለ ካህን ቡራኬ ጋብቻ ስለማይጸና እዚያም መንገዱ ሊቀል ይችላል። ግን እሷም እንደሱ ፕሮቴስታንት ከነበረች ጋብቻው ጸንቷል ተብሎ ይታሰባል። ያን ጊዜ ጉዳዩን የሚያየው የሀገረ ስብከቱ የቤተክርስቲያን ፍርድ ቤት ነው። የመንግሥት ፍርድ ቤት ፍቺ ይህን አይተካውም። መንግሥት «ተፋታችሁ» ይላል፤ የቤተክርስቲያኑ ፍርድ ቤት ግን የሚጠይቀው «መጀመሪያውኑ ጸንቶ ነበር ወይ?» ብሎ ነው።

የቤተክርስቲያኗ የሕግ መጽሐፍ፣ ሕገ ቀኖናው፣ በቁጥር 1085 አንድ ነገር በግልጽ ይላል። የቀድሞው ጋብቻ በማንኛውም ምክንያት የማይጸና ቢሆን እንኳ፣ ይህ በሕጋዊ መንገድና በእርግጠኝነት ሳይረጋገጥ ሌላ ጋብቻ መፈጸም አይፈቀድም። «እኛ እናውቃለን፣ የውሸት ጋብቻ ነበር» ማለት አይበቃም። አንቺም፣ እሱም፣ እኔም አንወስነውም። የቁምስናው ቆሞስ፣ ማለትም ቁምስናውን የሚመራው ካህን፣ እንኳ በራሱ አይወስነውም። ጸሐፊዋ ቀን አልይዝም ያለችሽም ለዚህ ነው። ክፋት አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር በእያንዳንዱ ጥንዶች ታሪክ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል፣ ቀን የሚያዘው ካህኑ ሁለታችሁንም አናግሮ ለመጋባት ነፃ መሆናችሁን ካየ በኋላ ነው። ልክ ነው ያደረገችው፤ እንዲያውም ውለታ ውላልሻለች።

ፍርድ ቤት ሲባል ልብሽ እንዳይርድ። እጮኛሽ ካቶሊክ ባይሆንም ጉዳዩን ራሱ ማቅረብ ይችላል። የሚኖርበት ሀገረ ስብከት ፍርድ ቤት ሊያይለት ይችላል። የሚጠየቀው በጋብቻው ቀን ስለነበረው ሐሳቡ ነው። ተገዶ ነበር ወይ? ወደ ምን እየገባ እንደሆነ በበቂ ሁኔታ ያውቅ ነበር ወይ? ልጅ ላለመውለድ ወይም ካልተስማማን እንለያያለን በሚል ሐሳብ ነበር ወይ የገባው? እሷም ትጠየቃለች፤ ማሳወቅ ግዴታ ነው፣ መልስ የመስጠት መብት አላት። መልስ አልሰጥም ብትል ግን ጉዳዩ በሷ ምክንያት አይቆምም። የሚያውቋቸው ምስክሮች ይሰማሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ሕጉን አቅልለውታል። ቀድሞ ሁለት ተመሳሳይ ፍርድ ያስፈልግ ነበር፣ አሁን ይግባኝ ካልተባለ አንዱ ይበቃል። ሁለቱም ወገኖች ከተስማሙና ማስረጃው ግልጽ ከሆነ ደግሞ ጳጳሱ ራሳቸው የሚያዩት አጭር መንገድ አለ። ሕጉ የመጀመሪያ ደረጃ ጉዳይ ከአንድ ዓመት በላይ እንዳይጓተት ይላል። ልብ በዪ፤ ከአንድ ዓመት በላይ እንዳይሆን ነው የሚለው እንጂ በ4 ወር ያልቃል አይልም። ውጤቱም አስቀድሞ የሚታወቅ አይደለም፤ «ጸንቷል» ተብሎ ሊመለስም ይችላል። ይህን ልደብቅሽ አልችልም።

ለእጮኛሽ እንዴት እንደምትነግሪው ደግሞ አስቢበት። ማንም ሰው ያለፈ ቁስሉን እንደገና ክፈት ሲባል አይወድም። «ቤተክርስቲያኔ አንተን አትፈልግህም» የሚል መልእክት እንዳይሰማ እፈራለሁ። በስልክ አትንገሪው፣ በአዳራሹ ወሬ መሀልም አትንገሪው። ቁጭ ብላችሁ፣ «ይህን ዛሬ ነው ያወቅሁት፣ አብረን ሄደን እንጠይቅ» በዪው። ከዚያ ጋብቻ ልጅ ካለው አስቀድመሽ አንድ ነገር ንገሪው። የቤተክርስቲያኑ ፍርድ «አልጸናም» ቢል ልጁ ዲቃላ ነው ማለት አይደለም። በቅን ልቦና ከተፈጸመ ጋብቻ የተወለደ ልጅ ሕጋዊ ልጅ ነው፤ ሕጉ ራሱ ይህን ይላል። ብዙ አባቶችን የሚያስጨንቀው ይሄ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎችሽ።

የትኛው ቤተክርስቲያን? ሕጉ የሚያየው የት እንደምትኖሩ ነው። ከሁለታችሁ አንዳችሁ መኖሪያ ያላችሁበት ወይም ቢያንስ አንድ ወር የተቀመጣችሁበት ቁምስና የእናንተ ነው። በጋብቻው ጉዳይ ቀዳሚው የዚያ ቁምስና ቆሞስ ነው። ሌላ ሰፈር ያለው ትልቁ ቤተክርስቲያን ክልክል አይደለም። የራስሽ ቆሞስ ወይም ጳጳሱ ከፈቀዱና የዚያኛው ቆሞስ ከተቀበለ ይሆናል። ስለዚህ መንገዱ ከራስሽ ቁምስና ይጀምራል። በቀጥታ ወደ ትልቁ ብትሄጂም መጀመሪያ የሚጠይቁሽ «ቁምስናሽ የት ነው? ቆሞስሽ ያውቃል?» ብለው ነው። ወረቀቱም በአብዛኛው የሚሠራው በራስሽ ቁምስና ነው፤ ከዚያ ወደዚያኛው ይላካል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ትልልቆቹ ቤተክርስቲያናት በአንድ ቅዳሜ ሁለት ሦስት ጋብቻ ስለሚኖራቸው ሰዓታቸው ጥብቅ ነው፤ የፎቶ ጊዜ፣ የአበባ ጊዜ፣ የመለማመጃ ጊዜ ሁሉ ይቆጠራል። ስትጠይቂ «ከእኛ በፊትና በኋላ ሌላ ጋብቻ አለ?» ብለሽ ጠይቂ።

የአትክልት ቦታው? አጭሩ መልስ፣ አትጠብቂው። ሁለት የተጠመቁ ሰዎች ሲጋቡ፣ አንዱ ካቶሊክ ባይሆንም፣ ቦታው ቤተክርስቲያን ነው። ጳጳሱ ሌላ ተስማሚ ቦታ መፍቀድ ይችላሉ፣ ግን ጥሩ ምክንያት ይፈልጋሉ። «አዳራሹ እዚያ ስለሆነ» የሚለው ምክንያት ብዙም አያስኬድም።

አሁን ካህኑ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ሰዎች «አባ እሺ ብለውናል» ሲሉ ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ካህን ሆነው እንዴት ማጋባት አይችሉም? ቅዳሴ ይቀድሱ የለም? ይቀድሳሉ። ጋብቻ ግን የተለየ ነው። ጋብቻን የማስፈጸም ሥልጣን ከክህነቱ ብቻ አይመጣም፤ ከቦታው ይመጣል። በአንድ ቁምስና ውስጥ ሥልጣኑ ያለው የዚያ ቁምስና ቆሞስ፣ ወይም ጳጳሱ፣ ወይም እነሱ የወከሉት ካህን ወይም ዲያቆን ነው። የናንተ አባ ከሌላ ሀገረ ስብከት ስለሚመጡ፣ ጋብቻው የሚፈጸምበት ቁምስና ቆሞስ በስም ጠርቶ፣ ለናንተ ጋብቻ ብሎ ለይቶ ሊወክላቸው ይገባል። ውክልናው በጽሑፍ ቢሆን ነው የሚሻለው፤ ፋይሉ ውስጥም ይቀመጣል። ያለ ውክልና ቢያጋቧችሁ ጋብቻችሁ በቤተክርስቲያን ሕግ አይጸናም። ቤተክርስቲያን ስህተቱን የምትሸፍንባቸው ጥቂት ሁኔታዎች በሕጉ ውስጥ አሉ፣ ግን እነሱን ተማምኖ ሠርግ አይደገስም።

ይህ ሕግ ከየት መጣ ብትይ፣ ድሮ ሰው በስውር ቃል ተለዋውጦ ይጋባ ነበር። ካህን የለ፣ ምስክር የለ። ከዚያ አንዱ የመጀመሪያዋን ክዶ በአደባባይ ሌላ ያገባል፤ የተካደችው ሴት ደግሞ የምታስረዳበት ነገር የላትም። እ.ኤ.አ. በ1563 የካቶሊክ ጳጳሳት የትሬንት ጉባኤ ይህን ለማስቆም ጋብቻ በቆሞሱ ወይም እሱ በፈቀደለት ካህን ፊት፣ በምስክሮች ፊት ይሁን ብሎ ደነገገ። እኔ ይህን ታሪክ ካወቅሁ ጀምሮ የውክልና ወረቀት ቢሮክራሲ አይመስለኝም። ወረቀቱ የተጀመረው እነዚያን ሴቶች ለመጠበቅ ነው።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ከዓመታት በፊት የቅርብ ጓደኛዬ ስታገባ ምስክር ነበርኩ። ልክ እንዳንቺ ከልጅነቷ የሚያውቋት አባ ከሩቅ መጡ። ሁሉም ሰው ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎት ነበር። በዋዜማው ማታ ለመለማመድ ስንሰበሰብ የቁምስናው ቆሞስ «ደብዳቤዎ የታለ?» ብለው ጠየቋቸው። አባ ዝም አሉ። ማንም አልነገራቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። ከሀገረ ስብከታቸው በመልካም አገልግሎት ላይ ያሉ ካህን መሆናቸውን የሚያስረዳ ደብዳቤ አልያዙም፣ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ቅዳሜ ዋዜማ ማታ ዝግ ነው። ጓደኛዬ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በመጨረሻ ቆሞሱ መፍትሔ አመጡ። ጥያቄውን የጠየቁትና «እሺ፣ እፈቅዳለሁ» የሚለውን ቃል የተቀበሉት ቆሞሱ ራሳቸው ሆኑ፤ ስብከቱን የሰበኩት ደግሞ እንግዳው አባ። ቆንጆ ሠርግ ነበር። ግን ያቺን ሌሊት እሷ አልተኛችም፣ እኔም አልተኛሁም። ካንቺ ጋር ይህ እንዲደገም አልፈልግም። ስለዚህ አባን ዛሬውኑ ደውለሽ ሁለት ነገር በያቸው። «አባ፣ ከሀገረ ስብከትዎ ደብዳቤ ያስፈልገናል» እና «ውክልናውን በተመለከተ ከቆሞሳችን ጋር በቀጥታ ይነጋገሩልን»። ካህናት እርስ በርስ ሲነጋገሩ ነገሩ ይፈጥናል፣ አንቺ መሀል ገብተሽ መልእክት ከማመላለስም ትድኛለሽ።

በነገራችን ላይ ከሁለታችሁ አንዳችሁ በምሥራቅ ሥርዓት፣ ለምሳሌ በግዕዙ፣ ያለ ካቶሊክ ከሆናችሁ ዲያቆን ማጋባት አይችልም፣ የግድ ካህን መሆን አለበት። በምሥራቁ ልማድ የካህኑ ቡራኬ ራሱ ለጋብቻው መጽናት ያስፈልጋል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በላቲኑ፣ ማለትም በምዕራቡ ሥርዓት፣ ሕግም በግልጽ ተጽፏል። አንቺ የየትኛው ሥርዓት እንደሆንሽ እርግጠኛ ካልሆንሽ ጥምቀት መዝገብሽ ላይ ታገኚዋለሽ።

ቀጥሎ የእጮኛሽ እምነት። ከላይ ያልኩት የቀድሞ ጋብቻ ጉዳይ ከተፈታ፣ ይሄ ያን ያህል ከባድ አይደለም። እሱ የተጠመቀ ስለሆነ የሚያስፈልገው የጳጳሱ ፈቃድ ነው፤ የሚያመለክትላችሁም ቆሞሱ ነው። ያልተጠመቀ ቢሆን ኖሮ ከሕጉ ነፃ የሚያደርግ ሌላ፣ ጠበቅ ያለ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ፈቃዱን ለማግኘት አንቺ እምነትሽን ለመጠበቅ ዝግጁ መሆንሽን ትገልጫለሽ፣ ልጆችሽ በካቶሊክ እምነት ተጠምቀው እንዲያድጉ የምትችዪውን ሁሉ እንደምታደርጊ ከልብሽ ቃል ትገቢያለሽ። እሱ ቃል አይገባም። እንዲያውቅ ብቻ ይነገረዋል። ይህን ልዩነት ለሱ በደንብ አስረጂው፤ ብዙ ፕሮቴስታንት እጮኞች «ሃይማኖቴን ሊያስቀይሩኝ ነው፣ ስለ ልጆቼ ቃል ሊያስገቡኝ ነው» ብለው ይመጣሉ፣ ያለ ምክንያት ይናደዳሉ። ግን ስለ ልጆቹ ራሳችሁ ቤት ውስጥ ተነጋግራችኋል? ካህኑ ፊት ቁጭ ብላችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ጥያቄ እንዳትሰሙት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከአዳራሹም ከቬሎውም በፊት መወራት የነበረበት ወሬ ይሄ ነው።

የሱ ፓስተርስ? ይጋበዝ፣ ጳጳሱ ከፈቀዱ መጽሐፍ ሊያነብ፣ ሊጸልይ፣ አጭር ቃል ሊናገር፣ ሊባርካችሁም ይችላል። የማይቻለው ሁለት ጊዜ መጋባት ነው። ጠዋት በካቶሊክ፣ ከሰዓት በሱ ቤተክርስቲያን እንደገና ቃል መለዋወጥ አይፈቀድም። ሁለቱ አገልጋዮች ጎን ለጎን ቆመው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሥርዓት ፈቃዳችሁን ሊጠይቁም አይችሉም። ቤተሰቦቹ ይህን ከጠበቁ አሁን ንገሩአቸው። ደግሞ እንዲህ ያለው ጋብቻ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቅዳሴ ነው የሚፈጸመው። ንባብ አለ፣ ስብከት አለ፣ ቃል ኪዳን አለ፣ ቀለበት አለ፣ ቡራኬ አለ። አንሶብኛል እንዳትዪ። ምስጢሩ ያው ሙሉ ነው፤ ግማሹ ሕዝብ ሲቆርብ ግማሹ ቁጭ ብሎ ከሚያይ፣ ባልሽም በራሱ ሠርግ ቀን ሳይቆርብ ከሚቀር፣ ይሄኛው ለእኔ ይሻለኛል። ምስክሮቹ ሁለት ይሁኑ እንጂ ካቶሊክ እንዲሆኑ ግድ አይደለም፣ ስለዚህ የሱ ወንድም ሊቆም ይችላል።

ወረቀቶችሽ ላይ ብዙ አልቆይም። አዲስ የወጣ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ያስፈልግሻል፣ በተለምዶ ከ6 ወር ያልበለጠው። እናትሽ ሣጥን ውስጥ ያለችው የድሮዋ አትሆንም፤ ጋብቻ በተፈጸመ ቁጥር የተጠመቅሽበት መዝገብ ላይ ስለሚጻፍ፣ አዲሱ ወረቀት ያላገባሽ መሆንሽን ያሳያል። የተጠመቅሽው ሩቅ ከሆነ ዛሬውኑ ጻፊላቸው፣ መልስ ይዘገያል። ሜሮን ካልተቀበልሽ ያለ ከባድ ችግር የሚቻል ከሆነ ከጋብቻው በፊት ተቀበይ ይልሻል ሕጉ። እሱም የጥምቀት ማስረጃ ያምጣ። ከዚያ ካህኑ ሁለታችሁን ለየብቻ ያናግራል፣ ይጽፋል፣ ያስፈርማል። የመንግሥት ጋብቻ ምዝገባ እንደየሀገሩ ይለያያል፤ አንዳንድ ቦታ የቤተክርስቲያኑ ይበቃል፣ ሌላ ቦታ ለብቻ ይፈጸማል፣ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቂ። የጋብቻ ትምህርትም አለ። ብዙ ሀገረ ስብከቶች ቢያንስ 6 ወር ቀድማችሁ ንገሩን ይላሉ፤ ያንቺ 4 ወር፣ የቀድሞ ጋብቻ ባይኖር እንኳ፣ አጭር ነው።

ክፍያ ብለሽ ጠይቀሻል። ምስጢር አይሸጥም። በየሀገረ ስብከቱ የተወሰነ መባ ይኖራል፣ ለኦርጋን ተጫዋች፣ ለመብራት፣ ለጽዳት የሚከፈል ሊኖር ይችላል፤ ጽሕፈት ቤቱን በግልጽ ጠይቂ፣ ነውር የለውም። አገልጋዩ ከተወሰነው በላይ ምንም ሊጠይቅ አይችልም፣ ድሃ ሰው ደግሞ በገንዘብ ምክንያት ምስጢር እንዳይከለከል ሕጉ ራሱ ያዛል። ካላችሁ ስጡ፣ ከሌላችሁ ለአባ በግልጽ ንገሯቸው። ለእንግዳው አባ ግን የመንገዳቸውን ወጪ እናንተ አስቡበት፤ እሳቸው አይጠይቋችሁም።

ስለ ቀኑ ደግሞ፣ ስቅለት ዓርብና ቀዳም ስዑር ጋብቻ የለም። በላቲኑ ሥርዓት በዐቢይ ጾም ይቻላል፣ ግን ዲኮሩን ቀለል አድርጉት ይሏችኋል። ሙዚቃውንም አስቀድመሽ አሳዪያቸው፤ ቤተክርስቲያን ውስጥ የምትገቢበት ዘፈን የፍቅር ዘፈን ብቻ ከሆነ አይቀበሉሽም፣ እሱን ለአዳራሹ አቆይው።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ምን ታደርጊያለሽ? ካርዱን አታሳትሚ። ታትሞ ከሆነም አታድዪ። አዳራሹ ጋ ደውለሽ «ቀብዱን ወደ ሌላ ቀን ታዛውሩልናላችሁ? እስከ መቼስ?» ብለሽ ጠይቂ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ብሎ ለተናገረ ሰው ይተባበራሉ፣ በመጨረሻው ሳምንት ለመጣ ግን አይሆንም። ከዚያ ጸሐፊዋን እንደገና ደውይላት፣ በዚህኛው ግን ቀን አትጠይቂያት። «ካቶሊክ ነኝ፣ እጮኛዬ የተጠመቀ ፕሮቴስታንት ነው፣ ከዚህ በፊት በመንግሥት ተጋብቶ ተፋቷል፣ ከአባ ጋር ቀጠሮ እንፈልጋለን» በያት። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ስትሰማ ምን እንደሚያስፈልጋችሁ ወዲያው ይገባታል፤ ምናልባትም የትኞቹን ወረቀቶች ይዛችሁ እንደምትመጡ በስልክ ትነግርሻለች። ወደ ቀጠሮው ሁለታችሁም ሂዱ። ብቻሽን አትሂጂ፤ እሱ ራሱ ይጠየቃል፣ እሱ ራሱ ቢመልስ ይሻላል። የፍቺውን ውሳኔ ኮፒ ይያዝ።

ከመሄዳችሁ በፊት ግን ዛሬ ማታ አንዱን ጥያቄ ጠይቂው፤ የመጀመሪያ ባለቤቱ የየትኛው ቤተክርስቲያን ተጠማቂ ነበረች? መልሱን ካወቅሽ በኋላ እንደገና ጻፊልኝ፣ ከዚያ ተነስተን ጊዜውን አብረን እናስላለን።